አሜን ያልተባለበት ሸንጎ

አባቴ ከአንድ ምሰሶ ጋር ተጋብቶ ኖረ ብል ሟች እናቴን ማስቀየም ይሆንብኛል እንጂ ከእውነት ብዙም አልርቅም።

የመንደራችን የፋጋሙሊ የሸንጎ ቤት የተሠራው ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው። ግድግዳ የለውም፤ ዙሪያውን በምሰሶ የቆመ ትልቅ ጣራ ነው። እያንዳንዱ ሹም ጀርባውን የሚያስደግፍበት የራሱ ምሰሶ አለው፤ ከአያቱ የወረሰው፣ ለልጁ የሚያወርሰው። ምሰሶ የሌለው ወንድ ዳር ላይ ተቀምጦ ለሹማምንቱ አቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ጨምቆ ያቀርባል፣ ሲጠሩት "አቤት" ይላል። ባለቤቴ ሚካ ከእነዚህ አንዱ ነው። እኛ ሴቶች ደግሞ ምግብ እናቀርብና እንወጣለን፤ የሰማነውንም እንዳልሰማን እንሆናለን።

በባሕሩ በኩል ያለው የመጀመሪያው ምሰሶ ግን ሁለት ጀርባ አለው። ባለቤቱ የነበሩት ሽማግሌ ወራሽ ሳይተዉ ሲሞቱ አባቴ ፋማሲሊ በአያቱ በኩል ለእኔ ይገባል አለ። ጎረቤታችን ቶጊያ ደግሞ የለም፣ በአያቴ እናት በኩል ለእኔ ይገባል አለ። ሸንጎው ሁለቱንም ይፈራቸዋል። ስለዚህ ሲጨንቀው ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደረው። ያ የሚቀጥለው ስብሰባ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው፣ ግማሽ ግማሽ ጀርባ ተካፍለው፣ በአንዱ ምሰሶ ላይ ተደገፉ።

ሸንጎ ሳይዘጋ ቀድሞ የተነሳ ምሰሶውን ለቀቀ ይባላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሴት እንዳላወጣችው ግን እምላለሁ። አባቴ ሪህ እግሩን አሳብጦት በሰው ሸክም መጥቶ ተቀምጧል። ቶጊያ ጥርሱን ባስነቀለ ማግስት ደሙን እየዋጠ ተቀምጧል። ሽንታቸው ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ አልነግራችሁም። ሽርጡን የማጥበው እኔ ልጁ ሉሴ ነኝ፣ ይኸው ይበቃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በሰላም ያኖረን የፓስተራችን አሜን ነው። ወሬው ሲያልቅ እሳቸው ተነስተው ይጸልያሉ፤ "አሜን" ሲሉ ሸንጎው ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ ሁለቱም ሽማግሌዎች እኩል ብድግ ይላሉ። የቀደመ የለም፣ የተቀደመም የለም። ፓስተራችንም የአንድ ቃላቸውን ዋጋ ስለሚያውቁ ጸሎቱን በደንብ አድርገው ያስረዝሙታል።

እንግዲህ የጎርፉ ማስጠንቀቂያ የመጣው እንደዚህ ተከባብረን ስንኖር ነው።

ሬዲዮው ማለዳ ላይ አውሎ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ እኛ መዞሩን ተናገረ። ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ወደ የብስ ያወጣዋል፤ ማታ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ደግሞ ሙላቱ በሙላት ላይ ይደረባል፤ በባሕር ዳር ያላችሁ በሙሉ ወደ ከፍታ ውጡ አለ። ጎረምሶቹ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በብረት ይቀጠቅጡ ጀመር። ያ ድምፅ ሲሰማ የፋጋሙሊ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ሴቶች ምንጣፍ ይጠቀልላሉ፤ ወንዶች ሸንጎ ይቀመጣሉ።

መሄጃችን የታወቀ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት። ነገር ግን ሸንጎው ሳይፈቅድ መንደር ለቆ መውጣት ያስቀጣል። ባለፈው ጊዜ አንድ ቤተሰብ ቃል ሳይጠብቅ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሽቅብ ሮጠና፣ ባሕሩ ሳይመጣ ቀረ። ባሕሩ ባለመምጣቱ የተቀጡት እነሱ ናቸው፤ አንድ ትልቅ አሳማ። ስለዚህ ሁላችንም ዕቃችንን ጠቅልለን፣ ጥቅሉ ላይ ተቀምጠን፣ ሹማምንቱ እስኪጨርሱ ባሕሩን እናይ ነበር።

በዚህ መሀል ከመንግሥት የአደጋ መከላከያ ቢሮ የተላከች ልጅ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ ከዋና ከተማው ከአፒያ በፒካፕ መጣች። ወጣት ናት፤ ዘላ ወርዳ በቀጥታ ወደ ሸንጎው ቤት ገባችና መናገር ጀመረች። ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ። እንግዳ በአቫ ሳይቀበሏት እንዴት ትናገራለች? አስቀመጧት። አቫው ተጨመቀ። የእንኳን ደህና መጣሽ ንግግር የማድረጉ ተራ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባሉ። ተራው የደረሰው ሹም ጭራውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከአያት ቅድመ አያት ጀመረ። ከዚያ የማን ልጅ ነሽ አሏት። የአያቷ እናት ከጎረቤት መንደር ሆና ተገኘች፤ ለዚህም ሌላ ንግግር ተደረገ። ልጅቱ በየመሀሉ ባሕሩን ታያለች። ለመናገር ሲፈቀድላት ፀሐይዋ አናት አልፋለች። አጭር ነበር የተናገረችው። ዛሬ ማታ ውኃው እዚህ ጣራ ይደርሳል፣ አሁኑኑ ውጡ አለች። ሹማምንቱ ስለ መልካም ንግግሯ አመሰገኗትና ጉዳዩን መወያየት ጀመሩ።

ምን እንደተወያዩ ስነግራችሁ የምቀልድ ይመስላችኋል። እንውጣ ወይስ እንቅር አልነበረም፤ መውጣቱን ሁሉም ይፈልጋል። ጭንቀታቸው ትምህርት ቤቱ ምሰሶ የሌለው መሆኑ ነው። አራት ግድግዳ ነው ያለው። ታዲያ ማን የት ይቀመጣል? አንዱ መስኮቶቹን እንደ ምሰሶ እንቁጠራቸው አለ፤ መስኮቶቹ ከሹሞቹ አነሱ። ሌላው በጠመኔ ግድግዳው ላይ ምሰሶ ይሳል አለና ሐሳቡ ተወደደ። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው የማን ይሁን የሚለው ላይ ተጋጩ። በዚያ ሰዓት ባሕሩ ማዕበሉን የሚያግደውን የኮራል ድንጋይ ዘሎ ታንኳዎቹን እርስ በርስ ያላትማቸው ነበር።

በመጨረሻ ጠመኔው ጸደቀ። መንደሩ ይውጣ ተባለ፤ ሴቶችና ልጆች ጥቅላቸውን ተሸክመው ሽቅብ ተግተለተሉ። ሹማምንቱም ቀስ በቀስ ቀለጡ። አንዱ አሳማዬን ላስገባ ብሎ ወጣ፣ አንዱ መድኃኒቴን ረሳሁ አለ፣ አንዱ ምንም ሳይል ሄደ። የእነሱ ምሰሶ ተሟጋች የለበትም፤ ቢነሱ የሚነጥቃቸው የለም። ነፋሱ ጣራውን ማፏጨት ሲጀምር በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ አባቴና ቶጊያ፣ ጀርባ ለጀርባ።

ሸንጎው አልተዘጋማ! የሚዘጋው ፓስተር የለም። ፓስተራችን ገና በማለዳ፣ ሬዲዮው ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ፍራሻቸውንና ቴሌቪዥናቸውን አስጭነው ኮረብታው ላይ ወጥተዋል። መንጋውን ቀድሜ ቦታ ልያዝለት ብለው ነው አሉ።

እኔ ልጆቼን አድርሼ ስመለስ ውኃው የሸንጎ ቤቱ የድንጋይ መድረክ ሥር ደርሷል። አባቴ ያንን ያበጠ እግሩን ዘርግቶ፣ ጭራውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ባሕሩን የሚያነጋግረው ሰው ይመስል ፊት ለፊት ያየዋል። መዋኘት ቀርቶ ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አይችልም። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

"አባዬ፣ ተነሳ። ሚካ ያዝልሃል።"

"ሸንጎው አልተዘጋም" አለኝ።

"ሰው የለም እኮ! የቱ ሸንጎ?"

ጭራውን ወደ ኋላው ጠቆም አደረገ። "ቶጊያ አለ።"

ከምሰሶው ወዲያ ቶጊያ "አለሁ" አለ።

የቶጊያ ታላቅ እህት ኤሴታ የሴቶች ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናት፤ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ስትቆጣ የምትቀዘቅዝ ሴት። በእኛ አገር ወንድም የእህቱን ቃል አይገፋም ይባላል። መጥታ ፊቱ ቆመችና "ተነሳ" አለችው። ቶጊያ በታላቅ አክብሮት ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ቂጡንም እዚያው እንደተከለ ቀረ።

ፓስተሩ ጋ እንደውል ያለው ሚካ ነው። ደግነቱ ስልኩ ሠራ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ያዘላቸው። ነገሩን ነገርናቸው። አንድ አሜን ብቻ ነው የምንፈልገው አልኩ። ፓስተራችን አሜን እንዲሁ በባዶ አይባልም፣ ጸሎት ያስፈልገዋል አሉና ጀመሩ። ከኖህ ነው የጀመሩት። ኖህን ከመርከቡ ለማውረድ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ዮናስ ተሻገሩ። ለመንግሥት ጸለዩ፣ ለራግቢ ቡድናችን ጸለዩ፣ ባሕር ላይ ላሉ መንገደኞች ጸለዩ። ውኃው መድረኩ ላይ ወጥቶ ምንጣፉን አረሰረሰው። ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሽርጣቸው ውስጥ ውኃ እየገባ፣ ግንባራቸውን ዝቅ አድርገዋል። ፓስተራችን በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይህን ሁሉ በልጅህ ስም" ካሉ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ። የኔትወርኩ ማማ ወድቆ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። እኔ መጠበቅ አቃተኝና "አሜን!" አልኩ።

ቶጊያ አንድ ዐይኑን ገለጠ። "አንቺ ፓስተር ነሽ?"

ቱግ አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቼ ያነቡታል። ጮኼ ሲወጣልኝ ውኃው ውስጥ ተንበርክኬ የአባቴን እጅ ያዝኩ። ቀዝቅዟል። አባዬ፣ ለዚህ እንጨት ብለህ ልትሞትብኝ ነው ወይ፣ እኛስ ምናችን ነው የቀለለብህ አልኩት። ከዚያ ቶጊያ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"እዚያ ላይ ያለው ግድግዳ ነው ልጄ። ግድግዳ ማንም ይደገፈዋል። እዚህ ሰው ሲያየኝ ፋማሲሊ ይለኛል። እዚያ ስወጣ እግሩ ያበጠ ሽማግሌ ነኝ።"

አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን አልበረደም። አንጀቴም ተበልቶ፣ ተናድጄም፣ ውኃው ጉልበቴ ላይ ደርሶ፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ያኔ ኤሴታ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ስታየው አየሁ።

"ሚካ፣ የሞተር መጋዝህ የት ነው?" አለችው።

ሚካ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ምሰሶ የሌለው ሰው የሹም ምሰሶ ከነካ ከመንደር ይባረራል፣ ቤቱም ይቃጠላል። "አክስቴ ኤሴታ፣ ቤታችንን ያቃጥሉታል" አለ።

"የቱን ቤት?" አለችው።

ሁላችንም ወደ ቤታችን ዞረን አየን። ወጥ ቤቱ ሄዷል። የእናቴ መቃብር ደጃፋችን ላይ ነው፤ ነጩ ድንጋይ በውኃው ውስጥ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ሚካ መጋዙን ገና ሽቅብ ካልወሰድነው ጥቅላችን ውስጥ አወጣው። ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሳውና ለእኔ አስታቀፈኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን "እኔ ባሕሩን ነው የማየው" አለ።

ለማገዶ የወደቀ ኮኮናት ቆርጬበት ስለማውቅ መጋዙ አያስፈራኝም። የአቫ ዕቃ የሚቀመጥበትን ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበትና ምሰሶውን ከጣራው ሥር፣ ከሽማግሌዎቹ አናት በላይ መቁረጥ ጀመርኩ። ስንት ሸንጎ የሰማ እንጨት፣ ሲቆረጥ እንደማንኛውም እንጨት ነው የሚጮኸው። ዱቄቱ የሁለቱም ሽበት ላይ ዘነበ። ይነሳሉ ብዬ ነበር፤ ጭራሽ! ቶጊያ በጭራው ዱቄቱን ከትከሻው ላይ አራገፈና ይህች ሴት ትቀጣለች አለ። አባቴ ደግሞ እውነት ነው፣ ትቀጣለች አለ። በስንት ዓመት በአንድ ነገር ሲስማሙ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምሰሶው ከላይ ሲለቅ ጣራው ጎበጥ ብሎ በሌሎቹ ላይ ቆመ። የአፒያዋ ልጅ በፒካፗ ከኮረብታው ያወረደቻቸው የኮሚቴው ሴቶች ደረሱ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ውኃው ቀድሞ አላልቶት ነበርና ግራና ቀኝ ወዘወዝነው። ኤሴታ "አንድ ላይ!" ስትል ሳብነው፤ ተነቀለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚደገፉት ሲያጡ በአንድ ጊዜ በጀርባቸው ውኃው ውስጥ ተዘረሩ። እኩል ነው የወደቁት፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ የቀደመ የለም።

ኤሴታ ከላያቸው ቆማ "ምሰሶው ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የኔ ነው የሚል ይከተለው" አለች።

ከዚያ በኋላ ማን አንሱኝ እንዳለ፣ ማን እንዳነሳ እንኳ አላየሁም። ምሰሶውን ፒካፑ ላይ ስንጭነው ሁለቱም በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ቀድመውን ደርሰዋል። ጫንናቸው። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ምሰሶውን አቅፈው፣ ከሕፃን ጋር እንደተሰደደች እናት ኮረብታውን ወጡ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ባሕሩ የሸንጎ ቤቱን ጣራ እንደ ባርኔጣ አንስቶ ወሰደው። የሁሉም ሹም ምሰሶ ሄደ። የተረፈው አባቴና ቶጊያ የሚጣሉበት ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ፓስተራችን ደረቅ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ተቀበሉንና በእጃቸው ባርከው፣ ያቋረጡትን "አሜን" አሉ። ሸንጎው በሥርዓቱ ተዘጋ። ምሰሶው በረንዳው ላይ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ፣ ሸራ ለብሶ ተጋደመ።

ሰው አልሞተብንም። ማለዳ ላይ ሾልኬ ወርጄ አየሁ። ቤት የሚባል አልቀረም። የጎደሬው እርሻ ጭቃ ሆኗል፣ ጀልባ ዛፍ ላይ ወጥቷል። የእናቴ መቃብር ድንጋይ በአሸዋ ተሸፍኖ አንድ ጠርዙ ብቻ ይታያል፤ ግን አለ። በእጄ ትንሽ ጠራርጌ ተመለስኩ።

ስመለስ ሹማምንቱ ሸንጎ ተቀምጠዋል። ምን ያድርጉ፣ ልማድ ነው። ክፍሉን ዙሪያውን በጠመኔ መስመር አሥምረው፣ እያንዳንዱ በየመስመሩ ተደግፏል። አባቴና ቶጊያ አንዷን መስመር ተካፍለዋል። ውኃ ከየት እናምጣ፣ ልጆቹ ምን ይብሉ የሚል ነገር ይነሳል ብዬ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የመጀመሪያው አጀንዳ የሴቶች ኮሚቴ የሸንጎ ንብረት ቆርጧል የሚል ሆነ። ፍርዱ ፈጣን ነበር፤ ሲፈልጉ እንደሚፈጥኑ ያን ቀን አወቅሁ። ቅጣቱ አንድ የበሰለ አሳማና ለሹማምንቱ ሁሉ የሚበቃ የበሰለ ጎደሬ ሆነ፣ ዛሬውኑ የሚቀርብ።

አሳማ አልጠፋም። ትናንት አሳማዬን ላስገባ ብሎ የወጣው ሹም፣ አማቱን ከማውጣቱ በፊት አሳማዎቹን አውጥቶ ነበርና ከእሱ ተበደርን። ጎደሬም ኮረብታው ላይ ከተተከለው ቆፈርን። የጠፋው ማገዶ ነው። ከአገሩ እንጨት ደረቅ የሚባል ፍንጣሪ የለም፤ ሁሉም ውኃ ጠጥቷል። ሴቶቹ ቆመን ተያየን። ከዚያ በረንዳው ላይ ያለውን ሸራ አየን። ኤሴታ ራሷ ሸራውን ገለጠችና "ልቡ ደረቅ ነው" አለች።

ሚካን መጋዙን ስጠኝ ስለው በዚህ ጊዜ ጀርባውን አልሰጠንም፤ ራሱ ቆረጠው። ጥሩ እንጨት ነበር። አሳማ የምናበስልበትን ድንጋይ አግሎ፣ ሥጋውን እስከ አጥንቱ አበሰለልን።

ትሪዎቹን ይዘን ገባን። በሥርዓቱ ጎንበስ ብለን በየማዕረጋቸው አቀረብን። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ጸጥ ብለው በሉ። ፓስተራችን ሁለቴ አስጨመሩ። አባቴ ፊት ተንበርክኬ ውኃ ስሰጠው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ይህን ሁሉ በምን እንጨት አበሰላችሁት፣ ውጭ ያለው ሁሉ ረጥቧል አይደል አለኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። አልዋሸሁም። "በምሰሶው" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። ዐይኑ በመስኮቱ ወጥቶ የምድጃውን ጭስ ፈለገ፤ አገኘው፤ ብዙ አየው። ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ቶጊያ በዚያኛው ጎኑ ጣቶቹን ይልሳል፤ አልሰማም። አባቴ በአፉ የያዘውን አኝኮ ዋጠ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

"እናትሽስ?"

"አለች። አሸዋ ነው የለበሰችው።"

ፓስተራችን ገና ሥጋ እያኘኩ ነው፤ ጸሎትም አልተጀመረም፣ አሜንም አልተባለም። አባቴ እጁን ዘረጋልኝ። "አንሺኝ። ሄጄ ልያት።"

በብብቱ ገብቼ አነሳሁት። ክፍሉ ውስጥ መብላት ቆመ። ቶጊያ ጣቱን ከአፉ አወጣ፤ ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው፣ ድምፁ እስኪንቀጠቀጥ ደስ አለው።

"ፋማሲሊ ቀድሞ ተነሳ! ሸንጎው ይመስክር፣ ምሰሶውን ለቀቀ!"

አባቴ ዞር ብሎ አየው። አልተቆጣም። በአገጩ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጭሱ አመለከተው።

"የቱን ምሰሶ?" አለው።

የቶጊያ ዐይን ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከዚያ በእጁ ወደ ያዘው አጥንት ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ እህቱ። ኤሴታ ትሪውን ከፊቱ አነሳችና ከጨረስክ ሌላ ሰው ይበላበታል አለችው። እኔና አባቴ በእሱ እግር ልክ ቀስ እያልን ወጣን። በረንዳው ላይ ስንደርስ ሸሚዙ ጀርባ ላይ የግድግዳው ጠመኔ በግማሽ ተለጥፎ አየሁና በእጄ አራገፍኩለት።